የኢጣልያ ቀይ የወይን ጠጅ በስሙና በአገሩ ሲታወቅ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሮማ ከተማ ስለ ሆነ፣ ከየመሥሪያ ቤታችን ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደዚያ የሚላከው ሰው ጥቂት አይደለም። ሥራው ሲፈጸም አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚተርፈው እንግዳ ብዙውን ጊዜ ወደ ቶስካና ወይም ወደ ፒየሞንቴ ወጥቶ የወይን ጠጅ የሚጠመቅባቸውን ቦታዎች ለመጎብኘት ይመዘገባል። በዚያም በተከታታይ አምስት ስድስት ብርጭቆ ይቀርብለታል። ሁሉም ቀይ ነው፤ ሁሉም ረጅም ስም አለው፤ አስተናጋጁም ስለ እያንዳንዱ ብዙ ይናገራል። ማታ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ግን ከቀመሰው አንዱን ከሌላው ለይቶ ሊናገር አይችልም፤ በሻንጣው የያዘው ጠርሙስ ደግሞ ከአበሉ ደኅና አድርጎ ቀንሶበታል።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ማንንም ወደ መጠጥ ለመገፋፋት አይደለም። የማይጠጣ ሰው ባለመጠጣቱ የሚጎድልበት ነገር የለም። ሊቀምስ የቈረጠ ሰው ግን በብርጭቆው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ፣ በጠርሙሱም ላይ የተጻፈው ስም ምን ዓይነት ቃል እንደሚገባለት አስቀድሞ ቢያውቅ ገንዘቡም ጤናውም ይጠበቅለታል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ለአገራችን ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። አንድ የውጭ አገር ነጋዴ «ይርጋ ጨፌ» ወይም «ሐረር» ብሎ ሲጠራ የሚጠራው ቡናው የበቀለበትን አገር ነው። በዚያ በአንድ ስም ውስጥ ግን የምድሩ ከፍታ፣ የዝናቡ ወራት፣ የገበሬው ልማድና የጣዕሙ ዓይነት ሁሉ ተጠቃሎ ይገኛል። የማያውቅ ሰው ቡና ሁሉ ቡና ነው ይላል፤ የሚያውቀው ግን ገና ከመዓዛው ይለየዋል። የኢጣልያም የወይን ጠጅ እንዲሁ ነው። ኢጣልያ በ20 ክፍላተ ሀገር የተከፈለች ስትሆን ወይን የማይተከልበት አንድም የላትም፤ በመንግሥት መዝገብ የገቡት የወይን ዓይነቶችም ከ500 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ላጥና የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። ለአንድ ጎብኚ ግን ስድስት ወይም ሰባት ስም ጠንቅቆ ማወቅ ይበቃዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የስሙ አሰጣጥ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ የአገር ስም ብቻ ተጽፎበታል። ባሮሎ መንደር ነው፤ ኪያንቲ ኮረብታማ አውራጃ ነው፤ ታውራዚም መንደር ነው። በእነዚህ ላይ የወይኑ ዓይነት አይጻፍም፤ ጠጪው ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባልና። ሌላው ደግሞ የወይኑን ዓይነትና አገሩን አጣምሮ የያዘ ነው። ባርቤራ ዳስቲ ማለት ባርቤራ የተባለው ወይን በአስቲ አገር የበቀለ ማለት ነው። በዚህ ረገድ እንግዳን ሁሉ የሚያሳስት አንድ ስም አለ፤ እርሱም ሞንቴፑልቻኖ ነው። በቶስካና ውስጥ ሞንቴፑልቻኖ የምትባል በኮረብታ ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ አለች። የእርሷ ጠጅ ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ ይባላል፤ የሚጠመቀውም በዋናው ሳንጆቬዜ ከሚባለው ወይን ነው። በአድርያቲክ ባሕር በኩል በአብሩዞ ክፍለ ሀገር ደግሞ ሞንቴፑልቻኖ የሚባል የወይን ዓይነት አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ጠጅ ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ ይባላል። የሁለቱ ዝምድና በስም ብቻ ነው። የአብሩዞው ጥቁረት ያለው፣ ለስላሳ፣ ዋጋውም ለኪስ የማይከብድ ጠጅ ሲሆን፣ የቶስካናው ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። አንዱን አዝዞ ሌላው የቀረበለት ሰው አስተናጋጁን ባይቈጣ ይሻላል።

ስምን እንዲህ በሕግ ማሰር በኢጣልያ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮሲሞ ሣልሳዊ በ1716 ባወጣው ዐዋጅ ኪያንቲን ጨምሮ የአራት አውራጃዎችን ወሰን በስም እየጠቀሰ ለይቶ፣ ከዚያ ወሰን ውጪ የተጠመቀ ጠጅ በእነዚያ ስሞች እንዳይሸጥ ከልክሏል። የዛሬው የኢጣልያ ሕግ መሠረት ግን የተጣለው በ1963 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አገር ስሙን በጠጅ ላይ ለማተም የወሰኑን ካርታ፣ የወይኑን ዓይነት፣ ከአንድ ሄክታር የሚሰበሰበውን ከፍተኛ መጠንና ጠጁ ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ በደንብ ጽፎ ማስፈቀድ አለበት። የተፈቀደለትም ዲ. ኦ. ቺ. የሚሉትን ፊደላት በጠርሙሱ ላይ ይጽፋል። ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ማዕረግ ተጨምሯል፤ ይኸውም በመጨረሻው ላይ ጂ የሚል ፊደል ያለበት ሲሆን፣ ዋስትና ያለው ማለት ነው። ይህን ማዕረግ ያገኙት ዛሬ ከ70 በላይ ናቸው። በጠርሙሱ አንገት ላይ ቁጥር ያለበት የመንግሥት ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። መዝገብና ቁጥር ማየት ለለመደ የቢሮ ሰው ይህ ወረቀት ቶሎ ዓይኑን የሚስበው ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚመሰክረው ደንቡ መጠበቁን ነው እንጂ ጠጁ ለአፍ የሚጥም መሆኑን አይደለም። ይህ ልዩነት በኪያንቲ ታሪክ ውስጥ በግልጥ ታይቷል።

ኪያንቲ በፊሬንዜና በሲየና ከተሞች መካከል የሚገኝ አገር ነው። ሁለቱ ከተሞች በመካከለኛው ዘመን ስለ ወሰኑ ለብዙ ጊዜ ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ፣ እንደሚተረከው፣ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ እንዲጋልብና በሚገናኙበት ቦታ ወሰኑ እንዲተከል ተስማሙ። የሲየና ሰዎች አንድ ነጭ አውራ ዶሮ መርጠው በሚገባ ቀለቡት። የፊሬንዜዎቹ ግን ጥቁር አውራ ዶሮ በጠባብ ሣጥን ዘግተው አስራቡት። የተራበው ዶሮ በቀጠሮው ቀን ገና ሌሊት ሳለ ጮኸ፤ ፈረሰኛቸውም አብዛኛውን መንገድ ጋልቦ ወደ ሲየና ተቃርቦ ሳለ ከዚያኛው ጋር ተገናኘ። ይህ ተረት ነው። ነገር ግን በ1924 የተቋቋመው የኪያንቲ ክላሲኮ ጠጅ ጠማቂዎች ማኅበር ጥቁሩን አውራ ዶሮ ምልክቱ አድርጎታል፤ ዛሬም በጠርሙሱ ላይ ይታያል። ክላሲኮ ማለት ጥንታዊው እምብርት ማለት ነው። የኪያንቲ ስም በ20ኛው መቶ ዓመት በዙሪያው ወዳሉ ብዙ ኮረብቶች ስለ ተስፋፋ፣ ዶሮው ያለበት ጠርሙስ የመጣው ከጥንቱ አገር መሆኑን ያስታውቃል።

የኪያንቲ ወይን ሳንጆቬዜ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ በብሮልዮ ግንባቸው ብዙ ዓመት ሲሞክሩ ኖረው፣ በ1872 ለአንድ የፒሳ ፕሮፌሰር በጻፉት ደብዳቤ የደረሱበትን ገለጡ። ሳንጆቬዜ መዓዛውንና ጉልበቱን ይሰጣል፤ ካናዮሎ የሚባለው ያለሰልሰዋል፤ ነጩ ማልቫዝያ ግን ጠጁን ያቀጥነዋልና ቶሎ ለሚጠጣው እንጂ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጠው ባይገባ ይሻላል አሉ። በ1967 የወጣው የኪያንቲ ደንብ ግን የባሮኑን ማስጠንቀቂያ ትቶ ነጭ ወይን የግድ እንዲቀላቀል አዘዘ። ገበሬው ነጭ ወይን ብዙ ነበረውና ትእዛዙ ለጊዜው ተመቸው። ጠጁ ግን ሳሳ፤ በሰሌን በተለበጠው ክብ ጠርሙስ የሚሸጠው ኪያንቲም በዓለም ሁሉ የርካሽ ምግብ ቤት መጠጥ ሆነ።

ያን ጊዜ አንዳንድ ጠማቂዎች ማዕረጉን ትተው ጣዕሙን መረጡ። በባሕሩ ዳር በቦልጌሪ ከፈረንሳይ በመጣው የካቤርኔ ወይን የተጠመቀው ሳሲካያ በ1968 ከተሰበሰበው ፍሬ ጀምሮ ለገበያ ቀረበ፤ ከ1971 ፍሬ ጀምሮ ደግሞ በኪያንቲ አገር ቲንያኔሎ ተከተለው። ደንቡን ስላልተከተሉ በሕግ ፊት ስማቸው «የገበታ ጠጅ» ብቻ ነበር፤ ይህም ዝቅተኛው ማዕረግ ነው። ዋጋቸው ግን ማዕረግ ካላቸው ብዙዎች በላይ ወጣ። ዳኛው ደንብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ጠጆች በወደቁ ነበር። በመጨረሻ የተሻሻለው ደንቡ ራሱ ነው፤ ኪያንቲ ክላሲኮ ዛሬ ከመቶ ሰማንያ እጅ ቢያንስ ሳንጆቬዜ መሆን አለበት፤ ከ2006 ጀምሮም ነጭ ወይን ፈጽሞ አይገባበትም። ደንብ የሚያወጣም ሆነ የሚያስፈጽም ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውሰው አይጎዳም።

ከሲየና በስተደቡብ ባለችው በሞንታልቺኖ ሳንጆቬዜ ብቻውን ይጠመቃል፤ ይህም ብሩኔሎ ነው። ከተሰበሰበ በኋላ እስከ አምስተኛው ዓመት ጥር ወር ድረስ አይሸጥም፤ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ይተኛል። በ2008 አንዳንድ ጠማቂዎች ሌላ ወይን ቀላቅለዋል ተብለው በመጠርጠራቸው ብዙ ጠርሙስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ ነበር። በዚያ የተነሣው ክርክር ጣዕሙ ተበላሸ የሚል ሳይሆን «መቶ በመቶ ሳንጆቬዜ» የተባለው ቃል ፈርሷል የሚል ነበር። በዚያው አገር ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ የሚባል አለ፤ ወይኑም ምድሩም አንድ ነው፤ ነገር ግን በወጣትነቱ ይሸጣል፤ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ነው። ጎብኚው መጀመሪያ ሮሶውን፣ ቀጥሎ ብሩኔሎውን ቢቀምስ ዕድሜ ለጠጅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን በአፉ ይረዳዋል።

ወደ ፒየሞንቴ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሁለት ነገሮች ልናገር፤ ያለ እነርሱ የሰሜኑ ጠጅ አይገባምና። አንደኛው ኮምጣጣነት ነው፤ ሁለተኛው ታኒን የሚባለው ነው። ቆዳ ፋቂ ጥሬውን ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀምበት በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ያለው ነገር ታኒን ነው፤ ብዙ የፈላ ጥቁር ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡት ምላስንና ድድን ይዞ የሚያደርቀውም እርሱ ነው። በወይን ውስጥ የሚገኘው በፍሬው ልጣጭና በውስጡ ባሉት ዘሮች ነው። የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ራሱ ቀለም የለውም፤ ቀለሙም ታኒኑም የሚገኘው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው። ሁለቱን ለመለየት ዘዴው ቀላል ነው። ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ አፍዎ ምራቅ ከሞላ ኮምጣጣነት ነው፤ ከደረቀና ምላስዎ ሻካራ ከሆነ ታኒን ነው። ታኒን ከሥጋና ከአይብ ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፤ ስለዚህ ለብቻው አፍ ያደረቀ ጠጅ ከጥብስ ጋር ፍጹም ሌላ ይሆናል። ብዙ እንግዳ «ይህ ጠጅ ተበላሽቷል» የሚለው ባዶ ሆዱን በጥዋት ስለ ቀመሰው ነው።

ፒየሞንቴ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለ ክፍለ ሀገር ነው፤ በአልባ ከተማ ዙሪያ ያሉት የላንጌ ኮረብቶች በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በዚህ አገር የሚነግሠው ወይን ኔብዮሎ ነው። ብዙዎች ስሙ ጭጋግ ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው ይላሉ፤ እውነትም የሚለቀመው በጥቅምት፣ ኮረብቶቹ በጭጋግ በሚሸፈኑበት ጊዜ ነው። ኔብዮሎ ቀድሞ ያብባል፤ ዘግይቶ ይበስላል፤ ፀሐይ የሚያይ ተዳፋት ካላገኘ አይሆንለትም። ስለዚህ ባሮሎ የሚለውን ስም መያዝ የሚችሉት በ11 ቀበሌዎች ውስጥ ያሉ የተመረጡ ቦታዎች ብቻ ናቸው። ባሮሎ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም ውስጥ 18 ወር በእንጨት ውስጥ ሳይቆይ አይሸጥም። ጎረቤቱ ባርባሬስኮ የሚጠመቀው ከዚያው ከኔብዮሎ ነው፤ የሚቆየው 26 ወር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ ይለዝባል።

በዚህ ጠጅ እንግዳ የሚሳሳተው በቀለሙ ነው። ባሮሎ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሲያረጅም ጠርዙ ወደ ሸክላ መልክ ይሄዳል። ጥቁር ጠጅ ጠንካራ፣ ፈዛዛ ጠጅ ደካማ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብርጭቆውን በንቀት ያነሣል። ከዚያ የመጀመሪያው ጉንጭ ድዱን ሁሉ ሲይዘው ይደነግጣል። መዓዛው ግን የጽጌረዳ አበባና የሬንጅ ነው ይባላል፤ ሬንጅ መባሉ ሊያስቅ ይችላል፤ ቀርቦ ያሸተተው ሰው ግን ነገሩ እውነት መሆኑን ይመሰክራል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዚህ አገር ስለ በርሜል ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አባቶች ጠጁን ለብዙ ሳምንት ከልጣጩ ጋር አፍልተው፣ በብዙ ሺህ ሊትር በሚቈጠር አሮጌ በርሜል ለዓመታት ያስተኙት ነበር። ልጆቹ ከፈረንሳይ 225 ሊትር የሚይዘውን አዲስ ትንሽ በርሜል አመጡ፤ የማፍላቱንም ጊዜ አሳጠሩ። ትንሹና አዲሱ በርሜል ጠጁን ቶሎ ያለሰልሰዋል፤ የቫኒላና የተቈላ እንጨት ሽታም ይሰጠዋል። በአባትና በልጅ መካከል በዚህ ምክንያት ቂም የገባበት ቤት እንዳለ ይነገራል። ዛሬ ክርክሩ በርዷል፤ ብዙዎቹም ወደ ትልቁ በርሜል ተመልሰዋል። ጎብኚ «ስንት ሊትር በሚይዝ በርሜል ነው የተኛው?» ብሎ ቢጠይቅ አስተናጋጁ ወዲያው እንደ ዐዋቂ ይቈጥረዋል፤ መልሱም በብርጭቆው ውስጥ ለምን የቫኒላ ሽታ እንዳለ ወይም እንደ ሌለ ያስረዳዋል።

የላንጌ ገበሬ ራሱ ግን በየቀኑ ባሮሎ አይጠጣም። ገበታው ላይ የሚያኖረው ዶልቼቶና ባርቤራ ነው። ዶልቼቶ ስሙ ጣፋጭ የሚል ትርጉም ቢኖረውም ጣፋጭ ጠጅ አይደለም፤ ቀድሞ የሚደርስ፣ ለስላሳና ቶሎ የሚጠጣ ነው። ባርቤራ ታኒኑ ጥቂት፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ ስለ ሆነ ቅባት ያለውን ምግብ ይቈርጣል። ለእኛ ሰው የሚያስደስት አንድ ነገርም በዚህ አገር አለ፤ በአልባ ካርኔ ክሩዳ የሚባል በቢላ ደቅቆ በዘይትና በጨው የሚቀርብ የጥጃ ጥሬ ሥጋ ይበላል። ጥሬ ሥጋ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው እዚያ ወንድሞች እንዳሉት ያያል። የኢጣልያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ካቩርም በዚሁ አገር የግሪንዛኔ ከንቲባ ሆነው ከ1832 እስከ 1849 ቆይተዋል፤ ግንቡ ዛሬ የክፍለ ሀገሩ ጠጅ የሚታይበትና የሚቀመስበት ቤት ነው። የአዲሲቱ ኢጣልያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሁለቱም የወይን ቦታ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ስንሻገር በቬሮና አጠገብ ቫልፖሊቼላ አለ። የዚህ አገር ብልሃት በማድረቅ ነው። ኮርቪና የሚባለውንና ጓደኞቹን ከለቀሙ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ሰገነት ላይ ሦስት ወይም አራት ወር ያህል ያሰጡታል፤ ክብደቱም ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ውሃው ሲተን ስኳሩ ይጠነክራል። መፍላቱ ሳያልቅ ከተቋረጠ ሬቾቶ የሚባል ጣፋጭ ጠጅ ይወጣል፤ እስከ መጨረሻው ከፈላ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ተለውጦ አማሮኔ ይሆናል። አማሮ ማለት መራራ ማለት ነው፤ ጣፋጩ ተረስቶ ፈልቶ መራራ ሆኖ ስለ ተገኘ እንዲህ ተባለ ይላሉ። የአማሮኔ አልኮል በደንቡ ከ14 እጅ አያንስም፤ ብዙ ጊዜም 15 እና 16 ይደርሳል። ለስላሳነቱ ያታልላል፤ ጠጁ ያለ ምንም ትግል ስለሚወርድ ሁለተኛውን ብርጭቆ የጠየቀ ሰው የሚጸጸተው ሲነሣ ነው። ሁለቱ ሳይሆን ቀላሉን ለሚሻ ተራው ቫልፖሊቼላ ራሱ ጥሩ ነው፤ በአማሮኔ አተላ ላይ እንደገና የሚፈላው ሪፓሶ ደግሞ በመካከል ይቆማል።

ስለ ደቡቡ ማሳጠር ግድ ሆኖብኛል እንጂ የሚናገሩት አያልቅም። የደቡብ ጠጅ ለብዙ ዘመን የራሱ ስም አልነበረውም፤ በትልልቅ በርሜል ተጭኖ የሰሜኑንና የፈረንሳይን ደካማ ጠጅ ለማጠንከር ይሸጥ ነበር። ፊሎክሴራ የተባለው ነፍሳት በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይን የወይን ሥር በልቶ ሲያጠፋ ገበያው ደራ፤ በኋላ ነፍሳቱ ኢጣልያም ገባ። ዛሬ ግን በናፖሊ ምሥራቅ ባለችው በታውራዚና በጠፋው እሳተ ገሞራ በቩልቱሬ ተራራ ግርጌ አልያኒኮ የሚባለው ወይን ከባሮሎ የማይተናነስ ጠንካራ ጠጅ ይሰጣል። በሲሲልያ፣ እስከ ዛሬ በሚጤሰው በኤትና ተራራ ላይ፣ ወደ 1,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በጥቁሩ ገሞራ አፈር ኔሬሎ ማስካሌዜ ይበቅላል፤ ፈዛዛ ቀለሙ ኔብዮሎን ያስታውሳል። በሲሲልያ ቆላው ደግሞ ኔሮ ዳቮላ፣ በፑልያ ፕሪሚቲቮ አሉ፤ ሁለቱም ጥቁርና ሞቃት ናቸው። ፕሪሚቲቮ ማለት ኋላ ቀር ማለት ሳይሆን ቀድሞ የሚደርስ ማለት ነው።

የስም ጉዳይ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር በመጋቢት 1986 የሆነውን ይስማ። አንዳንድ ነጋዴዎች ርካሽ ጠጅን ብርቱ ለማስመሰል ሜታኖል የሚባለውን መርዛም አልኮል ጨመሩበት። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ዓይናቸው ጠፋ። የሞቱት ውድ ጠጅ የሚጠጡ ሰዎች አልነበሩም፤ ምን እንደ ሆነና ከማን እንደ መጣ በውል የማይታወቅ ርካሽ ጠጅ የገዙ ተራ ሰዎች ነበሩ። የኢጣልያ ጠጅ የውጭ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ በ1992ም ሕጉ እንደ አዲስ ተሻሻለ። በጠርሙሱ ላይ «በምንጩ ታሽጓል» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ የሚፈለገው ስለዚህ ነው፤ ወይኑን ያበቀለውና ጠርሙሱን ያሸገው አንድ እጅ መሆኑን ያስታውቃልና።

አሁን ስለ ቀማሽ ሥርዓት ጥቂት ልጨምር። በእኛ ባህል ባለቤቱ ያቀረበውን በፊቱ መትፋት ነውር ነው። እዚያ ግን ለዚሁ የተዘጋጀ ዕቃ በገበታው ላይ ይቀመጣል፤ በዕቃው የሚጠቀም ሰው ሥራውን የሚያውቅ ተደርጎ ይከበራል። የእኛም ቡና ቀማሾች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሊያሳፍረን አይገባም። መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ምርጫ የለውም፤ የኢጣልያ ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከግማሽ ግራም በላይ አልኮል አይፈቅድም፤ መንጃ ፈቃድ ካገኘ ሦስት ዓመት ላልሞላውም ጨርሶ አይፈቅድም።

ብርጭቆው እስከ ሲሶው ብቻ ይቀዳ። በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል አድርገው ቀለሙን ይዩ፤ ከዚያ አዙረው ያሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻጋታ ሽታ ከሸተተዎ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ያለ ይሉኝታ ሌላ ጠርሙስ ይጠይቁ፤ ጠማቂው አይቀየምም። ወጣቱ ከአሮጌው፣ ቀላሉ ከከባዱ፣ ጣፋጭ ያልሆነው ከጣፋጩ ይቀድማል። በአልባ ዶልቼቶ፣ ባርቤራ፣ ባርባሬስኮ፣ ባሮሎ፤ በቬሮና ቫልፖሊቼላ፣ ሪፓሶ፣ አማሮኔ፣ ሬቾቶ ተራቸው ነው። በየመካከሉ ደረቅ ዳቦና ውሃ ይውሰዱ። ሽቶ ተቀብቶ መሄድ ጓደኛን መበደል ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ያለ ቀጠሮ አይቀበሉም፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ለቀማ ላይ ስለሚሆኑ አስቀድሞ መጻፍ ያሻል። በማስታወሻ ደብተር ላይ የጠጁን ስም፣ ዓመቱንና ሁለት ቃል ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ «አፍ ያደርቃል፣ ጽጌረዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላም ያስታውሰዋል።

ጠርሙስ የሚገዛ ሰው በሚጫነው ሻንጣ በልብስ መካከል ይጠቅልለው። ቤት ሲደርስ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ያጋድመው፤ ጠጁ ቡሹን ካልነካው ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ከጉዞው የተነሣ ስለሚናወጥ ጥቂት ሳምንት ያርፍ። ቀይ ጠጅ ሲቀርብ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋል። ያረጀ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ቀጥ አድርገው አቁመውት ይዋል፤ አተላው ወደ ታች ሲወርድ በዝግታ ይቅዱ። ተከፍቶ የተረፈው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም።